ምጣዱ፣ ከሰሉ፣ ክሊንከሩ፦ አካባቢን ለመጠበቅ ጉልበታችንን የት እናውል?

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ውስጥ የሰፈረ አንድ ስሌት አለ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ አካባቢ ጥበቃ በተነገረውና በተጻፈው መካከል የሚገባውን ቦታ ያገኘ አይመስለኝም። በሰነዱ መሠረት አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ከባቢ አየር ከለቀቀችው 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሙቀት አማቂ ጋዝ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው የመጣው ከግብርናና ከደን ነው። ትራንስፖርት፣ ኢንዱስትሪ፣ ኤሌክትሪክ ኃይልና ሕንፃ እያንዳንዳቸው 3 በመቶ ያህል ድርሻ ነበራቸው። ያው ሰነድ መፍትሔዎቹን ሲመዝን፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ብቻውን፣ ደኑን ከመቆረጥ በማዳን፣ እ.ኤ.አ. በ2030 ወደ 35 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ቅነሳ ሊያስገኝ እንደሚችል አስልቷል። ግለሰቡ «እኔ ምን ላድርግ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰማው መልስ ግን ከዚህ ስሌት ጋር አይተዋወቅም፤ ፌስታል ተው፣ አምፖል አጥፋ፣ ችግኝ ትከል ይባላል። ድርጅቱም ሲጠየቅ ሠራተኞቹን ቲሸርት አልብሶ በክረምት ችግኝ ማስተከሉን ይናገራል። እነዚህ ሥራዎች ክፉ አይደሉም። ሆኖም የሰው ትኩረትና የድርጅት ገንዘብ ውስን ስለሆኑ ያለቦታው የዋለ ጉልበት ዋናውን ሥራ ያጓድላል። ስለዚህ ግለሰብም ድርጅትም የሚያደርጉትን ከመምረጣቸው በፊት ይመዝኑ እላለሁ። በእኛ አገር ሁኔታ ሚዛኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው ወደ ማዕድ ቤትና ወደ ማምረቻው ሂደት ነው፤ ግለሰቡም የተሻለውን የሚመርጠው ድርጅቱ አቅም በሚችለው ዋጋና በሚታመን ጥራት ሲያቀርብለት ነው።

በዓለም ደረጃ ክርክሩ ለረጅም ጊዜ የቆየው «ጥፋቱ የማን ነው?» በሚለው ላይ ነው። የእያንዳንዱን ሰው «የካርቦን አሻራ» የሚያሰላው አስተሳሰብ በሕዝብ ዘንድ እንዲስፋፋ ከፍተኛ ገንዘብ አውጥቶ ያስተዋወቀው ቢፒ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ መሆኑ ብዙዎችን አስቆጥቷል፤ ነዳጅ ሻጩ ኃላፊነቱን በገዢው ላይ አዞረ ይላሉ። በሌላ ወገን እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የካርቦን ሜጀርስ ሪፖርት ከ1988 ወዲህ ከኢንዱስትሪ ከተለቀቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ 71 በመቶው ከ100 የነዳጅና የድንጋይ ከሰል አምራቾች ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። ይህ ቁጥር «የግለሰብ ተግባር ዋጋ የለውም» ለሚሉ ዋነኛ ማስረጃ ሆኗል፤ በጥሞና ሲነበብ ግን እንደዚያ አይልም። ከተጠቀሰው ጋዝ አብዛኛው የወጣው ኩባንያዎቹ ነዳጁን ሲያወጡ ሳይሆን ደንበኞች በመኪናቸው፣ በቤታቸውና በፋብሪካቸው ሲያቃጥሉት ነው። ሻጭና ገዢ በአንድ ጉዳይ የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱን ለቅቆ ሌላውን መያዝ አይቻልም። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው ክርክር የትኛው ተግባር ስንት ያድናል የሚለው ነው። በዚያው በ2017 ተመራማሪዎቹ ሴዝ ዋይንስና ኪምበርሊ ኒኮላስ ባሳተሙት ጥናት የካናዳን የትምህርት መጻሕፍት መርምረው ነበር፤ መጻሕፍቱ ለወጣቶች የሚመክሩት በአመዛኙ ትንሽ የሚያድነውን ሆኖ ተገኘ። መኪናን መተው፣ የአውሮፕላን ጉዞን መቀነስና የሥጋ ፍጆታን መቁረጥ ግን ብዙም አይነሱም ነበር። በጥቅሉ ሲታይ የእኛም ችግር ይኸው ነው። የሚለየው ከባዱ ነገር የተቀመጠበት ቦታ ነው፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ መኪናም የለው፣ አውሮፕላንም አይሳፈር። በየቀኑ ወይም በየሁለት ሦስት ቀኑ ግን እንጀራ ይጋገርለታል።

እንጀራ ደግሞ ብዙ እሳት ይበላል። በገጠሩ ክፍል ምጣዱ በሦስት ጉልቻ ላይ ተጥዶ ጭራሮ፣ ግንድና ኩበት ሲነድበት፣ አብዛኛው ሙቀት በጎን ያመልጣል፤ ጭሱ የሚጋግረውን ሰው ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ለዚህ መልስ እንዲሆን ታስቦ ከሲሚንቶና ከፑሚስ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተሰራጭቷል። ስለ እሱ ለዓመታት ሲነገር የኖረው ማገዶን በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። በተጠቃሚዎች እጅ በተደረገ የማብሰል ሙከራ ግን ቁጠባው ከ22 እስከ 31 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያም በላይ ጥንቃቄ የተደረገበት፣ ምድጃውን በዕጣ ለገጠር ቤተሰቦች አድሎ አጠቃቀማቸውን በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ የተከታተለ ጥናት አንድ ቤተሰብ በዓመት 634 ኪሎ ግራም ያህል እንጨት እንደሚያተርፍ፣ ይህም 0.94 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያክል አስልቷል። ቀደም ሲል ከተገመተው ግማሽ ያህሉ ነው። ይህን ሲያዩ «እንግዲያውስ ምድጃው አልሠራም» የሚሉ አሉ። እኔ ተቃራኒውን አነባለሁ። የተጋነነው ቁጥር ወድቆ የቀረው እውነተኛው ቁጥር ራሱ ትልቅ ነው፤ አንድ ሚሊዮን ቤተሰብ በዚህ ልክ ቢቆጥብ በዓመት ከ600 ሺህ ቶን በላይ እንጨት ከመቆረጥ ይተርፋል። ያንን እንጨት ተሸክማ የምትመጣው ሴት ወይም ልጅ ከጫካ እስከ ቤት የምትመላለሰው ጉዞም ይቀንሳል። በጥናት ያልተፈተነ ተስፋ ይዞ ከመሮጥ፣ የተፈተነውን ግማሽ ይዞ መሥራት ይሻላል።

ከተማው ሌላ ጣጣ አለበት፤ የከሰል ጣጣ። በባህላዊው የአፈር ክምር ሲከሰል ከአንድ ኩንታል እንጨት የሚገኘው ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሰል ብቻ ነው፤ እንጨቱ ከያዘው ኃይል ከግማሽ በላዩ ከሰሉ ገና ገበያ ሳይደርስ ባክኗል። ስለዚህ በከተማ ሰው ምድጃ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ማዳበሪያ ከሰል ከኋላዋ የብዙ ኩንታል እንጨት ታሪክ አላት። «ላቀች» ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ከሰልን አንድ አራተኛ ያህል ይቆጥባል፤ ይህም ቀላል አይደለም። ትልቁ ለውጥ ግን ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ መሻገር ነው፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃና ከነፋስ ስለሚመነጭ በኤሌክትሪክ የተጋገረ እንጀራና የፈላ ወጥ የሚያስከትለው ልቀት እጅግ ትንሽ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋዋት መሆኑ ተገልጿል። እንዲህም ሆኖ መስመር ያልደረሰው ሕዝብ ገና ግማሽ ያህል ነው፤ ከደረሰውም ብዙው መብራት በሚጠፋበት ቀን የሚጠቀምበት ከሰል ከቤቱ አያጣም። አንድ ምጣድ ሦስትና አራት ኪሎዋት ይስባል፤ በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር ትራንስፎርመሩ ይጨነቃል። «ሰው ለምን ከሰል ይወዳል?» ብሎ መጠየቅ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። ሰው የሚተማመንበትን ይዞ ይኖራል፤ ከሰሉን የሚጥለው በመብራቱ መተማመን ሲጀምር ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉ በላይ የምቆምበት ነጥብ አለ። ቆጣቢ ዕቃ ያልገዛ ሰው ስላልገባው ነው የሚለው ግምት በብዙ ዘመቻ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል፤ ስለዚህም ገንዘቡ ለግንዛቤ ማስጨበጫ ይወጣል። በናይሮቢ የተደረገና በ2022 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው የታተመው የሱዛና በርኩወርና የጆሹዋ ዲን ጥናት ይህን ግምት ይንዳል። ቆጣቢ የከሰል ምድጃ ያገኙ አነስተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች የከሰል ወጪያቸው በ39 በመቶ ቀነሰ። ምድጃው በጥቂት ወራት ዋጋውን የሚመልስ ሆኖ ሳለ ሰዎቹ ለእሱ ሊከፍሉ የፈቀዱት ገንዘብ ግን ከሚያተርፍላቸው በእጅጉ ያነሰ ነበር። ብድር ሲመቻችላቸው ለመክፈል የፈቀዱት መጠን በእጥፍ ጨመረ። ችግሩ ማወቅ አለማወቅ አልነበረም፤ አንድ ላይ የሚወጣ ገንዘብ ማጣት ነበር። ድሃ ከሰልን በየዕለቱ በጣሳና በላስቲክ ስለሚገዛ ለተመሳሳይ መጠን ከሀብታሙ የሚበልጥ ዋጋ ይከፍላል። እቁብ ባለበት አገር ይህ እውነት ለማንም አዲስ አይደለም፤ እናቶች ለምጣድና ለፍሪጅ እቁብ ሲገቡ የኖሩት ባንኩ ያልሰጣቸውን ብድር በራሳቸው ሲፈጥሩ ነው።

የምድጃ ተቃዋሚዎች የሚያነሱት ጠንካራ ማስረጃ ከሕንድ የመጣ ነው። ሬማ ሃና፣ ኤስተር ዱፍሎና ማይክል ግሪንስቶን በኦዲሻ ግዛት ለዓመታት ባደረጉት ክትትል የተሻሻሉት ምድጃዎች በመጀመሪያው ዓመት የሚሳበውን ጭስ ቢቀንሱም ከዚያ በኋላ ለውጡ ጠፋ፤ ሰዎቹ ምድጃውን በወጉ አልጠገኑትም፣ ብዙም አልተጠቀሙበትም። ይህን ማስረጃ መሸሽ አይገባም። ነገር ግን የሚያስተምረው ምድጃ ማከፋፈል ብቻውን ሥራ እንዳልሆነ ነው። የተሰነጠቀውን የሚጠግን፣ የተቃጠለ ሽቦ የሚቀይር፣ ለሸጠው ዕቃ የሚጠየቅ አምራች በሰፈሩ ሲኖር ዕቃው ዓመታትን ይሻገራል። በነፃ ታድሎ ያለ ባለቤት የቀረ ነገር ዕድሜው አጭር ነው። የንግድ ሰው ለአካባቢ ጥበቃ የሚያበረክተው ትልቁ ድርሻ እዚህ ያለ ይመስለኛል፤ በደንብ የተለበጠና ሙቀት የማያባክን ምጣድ ሠርቶ፣ ዋስትና ሰጥቶ፣ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ መሸጥ።

«ከሰል አክሳዩስ ምን ይብላ?» የሚለው ተቃውሞ ከሌሎቹ ሁሉ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም እውነተኛ ሰው አለበት። መልሱን ለማግኘት የማገዶን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። አዲስ አበባ ከተመሠረተች ብዙም ሳትቆይ በዙሪያዋ ያለው ደን በማገዶ አልቆ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን ያስቀራት ባህር ዛፍ ነው። አፄ ምኒልክ ችግኙን አሠራጭተው ባህር ዛፍ የተተከለበትን መሬት ከግብር ነፃ ስላደረጉ ሕዝቡ ተከለ፤ ስብከት ሰምቶ ሳይሆን ትርፉን አይቶ። በዘመናችን ተመሳሳይ ነገር በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ታየ። አሲዳማ ሆኖ እህል አላበቅል ባለው መሬት ላይ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዝርያ እየተከሉ፣ በጥቂት ዓመታት ቆርጠው ከሰል አክስለው ለአዲስ አበባ ገበያ ሲልኩ የወረዳው የዛፍ ሽፋን ጨመረ። ከሰል የግድ የደን ጠላት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም፤ ልዩነቱ ከተተከለ ዛፍ መምጣቱና ከተፈጥሮ ደን መምጣቱ ላይ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ዋግ መሰል የፈንገስ በሽታ ዲከረንሱን መታው፤ በአንድ ዝርያ ላይ የተንጠለጠለው ኑሮም አብሮ ተናጋ። ስለዚህ አክሳዩን መከልከል ብቻውን ሰውየውን ወደ ጫካ ይገፋዋል፤ የተቀላቀለ ተክል፣ የተሻለ ማክሰያና ሕጋዊ ገበያ ግን ያተርፈዋል።

ወደ ድርጅቶች ስንዞር ተመሳሳይ ሚዛን እንጠቀም። ሲሚንቶ በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ ያህሉን የሚያመነጭ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩ የሚወጣው ከነዳጁ ሳይሆን ክሊንከር የተባለውን የሲሚንቶ ዋና ግብዓት ለመሥራት ከሚጋየው የኖራ ድንጋይ ራሱ ነው። ስለዚህ ትልቁ ቁጠባ ያለው ክሊንከሩን በመቀነስ ነው። የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ የተወው ፑሚስ በብዛት ስላለ ፋብሪካዎች ፒፒሲ ብለው የሚሸጡት ሲሚንቶ ከክሊንከሩ የተወሰነውን በፑሚስ የተካ ነው። ለግንብና ለልስን ፒፒሲ እየበቃ ከሞላ ጎደል ክሊንከር ብቻ የሆነውን ኦፒሲ የሚያስጭን ተቋራጭ በአንድ ሕንፃ ላይ የሚያስወጣው ተጨማሪ ጋዝ በቢሮው መብራት በማጥፋት ከሚያድነው ጋር አይወዳደርም። ይህ ውሳኔ የሚደረገው በግዢ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በአካባቢ ቀን መድረክ ላይ አይደለም።

የቡና ማጠቢያዎችም እንዲሁ ናቸው። እሸት ቡና ተፈልፍሎ ሲታጠብ ብዙ ውኃ ይፈጃል፤ ልጣጩና ሙጫው የያዘው ስኳር ወደ ወንዝ ገብቶ ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ይህ የሚሆነው ክረምቱ አልፎ ወንዙ በሚቀንስበት የመኸር ወራት በመሆኑ ከታች ያለው ሰውና ከብት የሚጠጣው ይበላሻል። ውኃውን መልሶ የሚጠቀም መፈልፈያ፣ የማጣሪያ ጉድጓድና ልጣጩን ወደ ኮምፖስት መለወጥ የታወቁ መፍትሔዎች ናቸው፤ ጀንፈል ሆኖ የሚደርቀው ቡና ደግሞ ውኃ አይጠይቅም ማለት ይቻላል። የማጠቢያው ባለቤት ይህን ያላደረገው ስላላወቀ ሳይሆን ገዢው ለንጹሕ ወንዝ ዋጋ ስለማይጨምርለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው ሕግ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና እንዳይገባ ይከለክላል። ተግባራዊነቱ ተደጋግሞ ቢገፋም ጥያቄው ከወዲሁ ደርሷል፤ ከግማሽ ሄክታር ያነሰ ማሳ ያለው ገበሬ የማሳህን መገኛ በካርታ አስመዝግብ ይባላል። ደንን የመጠበቅ ዓላማው ትክክል ነው። ወጪውን ግን ኪሎ ቡና በጥቂት ብር የሚሸጠው ገበሬ ከተሸከመው፣ ኩባያውን በውድ የሚሸጠው ድርጅት አረንጓዴ የሚለውን ስም በሌላ ሰው ገንዘብ ገዛ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም የሚያስተምረው አለው። ፓርኩ ፍሳሹን አጣርቶ አብዛኛውን ውኃ መልሶ የሚጠቀምበት ማጣሪያ የተገጠመለት የሐዋሳን ሐይቅ ከጨርቅ ቀለም ለመጠበቅ ነው። ይህ የሆነው የውጭ ገዢዎች ስለጠየቁና መንግሥት አስቀድሞ ስለገነባው ነው። አጎዋ የተባለው ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ዕድል ሊቋረጥ ሲል እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ፒቪኤች የተባለው ኩባንያ ከፓርኩ ወጣ። ማጣሪያ ደግሞ ሼዱ ቢሞላም ባይሞላም ወጪ አለው፤ ጥበቃው በአንድ ገዢ ፈቃድ ላይ ብቻ ሲቆም ከገዢው ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል።

የካርቦን ክሬዲት፣ ማለትም ሌላው የቆጠበውን ልቀት በገንዘብ መግዛት፣ ብዙ ድርጅቶችን የሚስበው ከእነዚህ አስቸጋሪ ለውጦች ይልቅ ስለሚቀል ነው። የበርክሌይ ተመራማሪዎች በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት የምድጃ ፕሮጀክቶች የሸጡት የካርቦን ክሬዲት በእውነት ከተቆጠበው ዘጠኝ እጥፍ ያህል የተጋነነ ሆኖ አግኝተውታል። እንዲህ ያለ ክሬዲት ገዝቶ «ልቀቴን አካካስኩ» የሚል ድርጅት የገዛው በአብዛኛው ወረቀት ነው። ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ለምሳሌ በወላይታ በሁምቦ የካርቦን ፕሮጀክት 2,700 ሄክታር ያህል ተራራ ያገገመው በአብዛኛው አዲስ ችግኝ ሳይተከል፣ ከመሬት በታች የቀሩት ጉቶዎች እንዲያቆጠቁጡ ተደርጎ ነው፤ ኅብረት ሥራ ማኅበራቱ የመሬቱን መጠቀሚያ መብት ስላገኙ ጠበቁት። የተተከለ ችግኝ ቁጥር በየክረምቱ ይነገራል። ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ ቆሟል የሚለውን ድርጅቶቹ በዚያው ድምፅ ቢናገሩ ሥራው ይለወጥ ነበር።

ስለ ፌስታል ብዙ አልልም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ ተግባራዊ ሳይሆን ዓመታት አለፉ፤ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሌላ ጠንካራ እገዳ አጸደቀ። ፌስታል ቱቦ ይደፍናል፣ ከብት ይገድላል፤ ስለዚህ እገዳው ተገቢ ነው። ባለሱቁ የሚያቀርበው ርካሽ ዘንቢልና የወረቀት ከረጢት ሳይኖር ግን ቅጣቱ የሚያርፈው በእጇ ሽንኩርት በያዘችው እናት ላይ ይሆናል። ቆራሌው ግን ያለ አዋጅና ያለ ደሞዝ ብረቱን፣ ጠርሙሱንና ፕላስቲኩን ከየቤቱ እየሰበሰበ ኖሯል፤ የመጠጥ ፋብሪካዎች ለፕላስቲክ ጠርሙሳቸው የተወሰነ የመመለሻ ዋጋ ቢመድቡ መጀመሪያ የሚጠቀመው እሱ ነው። ስለ ኤሌክትሪክ መኪናም እንዲሁ፤ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏ ለውጭ ምንዛሪ ጠቃሚ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር በሚደረግበት ሁኔታ ግን የኤሌክትሪክ አውቶቡስና ሰው የሚሄድበት የእግረኛ መንገድ ከግል መኪናው ይቀድማሉ።

የቀረው ተቃውሞ የፍትሕ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓመት ከ0.2 ቶን በታች ሲሆን የአንድ አሜሪካዊ 14 ቶን ገደማ ነው፤ ታዲያ ለምን እኛ እንቸገር? ተቃውሞው እውነት ይዟል፤ የሌላውን ዕዳ ለመክፈል ማንም ድሃ ምጣዱን እንዲቀይር ልጠይቅ አልችልም። እስካሁን የመዘንኳቸው ተግባራት ግን ጥቅማቸው መጀመሪያ የሚደርሰው ለራሳቸው ለባለቤቶቹ ነው፦ ጭስ የሌለበት ማዕድ ቤት፣ የማይደርቅ ምንጭ፣ በየወሩ የሚተርፍ የከሰል ገንዘብ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖረው ወገናችን ሚዛን ግን ይለያል፤ ለእሱ ክብደቱ ያለው በመኪናው፣ በቤቱ ማሞቂያና በአውሮፕላን ጉዞው ላይ ስለሆነ ችግኝ ለማስተከል ገንዘብ መላክ ያንን አይተካለትም። ለእናቱ ወይም ለእህቱ ምጣድ መግዣ ቢልክ ግን የሚቆጠር ነገር ነው።

አሁን ከፊታችን ያለው ፈተና የታሪፉ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የኤሌክትሪክ ዋጋ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል፤ ለመስመሩ ጥገናና ለአዲስ ግንባታ ገንዘብ ያስፈልጋልና ጭማሪውን ሙሉ በሙሉ አልቃወምም። ዝቅተኛ ተጠቃሚ ይደጎማል፤ ነገር ግን በኤሌክትሪክ የሚጋግር ድሃ ቤተሰብ በምጣዱ ምክንያት ከዝቅተኛው እርከን ወጥቶ እንደ ሀብታም ሊከፍል ይችላል፤ ያኔ ወደ ከሰሉ ይመለሳል። ለመጋገሪያ የሚሆን ተጨማሪ ኪሎዋት ሰዓት በዝቅተኛው ዋጋ እንዲታሰብለትና የምጣዱ ዋጋ በየወሩ በመብራት ክፍያው ላይ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ማድረግ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ፣ ባንኮችና አምራቾች ተቀምጠው ሊስማሙበት የሚችሉት ጉዳይ ነው። መስመር ላልደረሰው ገጠር ደግሞ ምርጥ ምድጃ የሚያመርቱት የየወረዳው ማኅበራት የሚጠይቁት ሻጋታ፣ ሲሚንቶ በፋብሪካ ዋጋና ለሥራ ማስኬጃ የሚሆን አነስተኛ ብድር ነው።